የእትዬ አልጣሽ ታይት እና ደረጃው ላይ የተኛው በግ

ተረት ልጀምር ነው። «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን የከፈታችሁ ቆዩ፤ የኔ ተረት በረት የለውም፣ ደረጃ ነው ያለው። ደረጃውም የኮንዶሚኒየም ደረጃ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል፣ መብራቱ ደስ ሲለው ይበራል። ዕቃ ይናገራል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔ ራሴ ጠያቂ ሰው ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ። ተረት ላይ ግን አልጠይቅም። ይናገራል ካልኩ ይናገራል።

አራተኛ ፎቅ ላይ እትዬ አልጣሽ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ። ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ቤቱ የራሳቸው ነው፣ በረንዳቸው ላይ በባልዲ ጎመን ተክለዋል። አንድ ጠዋት ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ስፖርት ሊሠሩ ሜዳ ወረዱና የቀሚሳቸው ጫፍ ጠልፎ ጣላቸው። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ነካክቶ፣ «ጉልበትዎ ደህና ነው እማማ። ፈርቶ ነው። ያሠሩት» አላቸው። ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፍም አለ። ሲወርዱ በጎን በጎን ነው፤ ሲወጡም ደህናውን እግር አስቀድመው ሌላውን እንደ መጥረጊያ እንጨት ይጎትቱታል።

ይሄን የሰማችው ልጃቸው ትርሲት ደወለች። «እማዬ፣ የበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ ነው፤ ሚኒባስ ተኮናትሬ እመጣለሁ። ጉልበትሽ ታጥፎ ካየሁ እሰየው፣ እዚያው ትኖሪያለሽ። ካልታጠፈ ግን ዕቃሽን ጭነን እኔ ጋ ነው፤ ቤቱም ይከራያል። ብቻሽን ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ፈርታ ነው። እትዬ አልጣሽም ፈሩ። ከቤታቸው መውጣት አልፈለጉም። የፈለጉት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ስፖርት ሲሠሩ የማይጠልፋቸው ታይት።

ቅዳሜ ጠዋት በጎን በጎን እያሉ ወርደው ሐያት ሱቅ ገቡ። ሐያት ከሕንፃው ሥር ቡቲክ አላት፤ ሁለት ታይት አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላቸው።

«ይሄ ጥቁሩ የስፖርት ነው። ወገቡን አዩት? ሰፊ ነው፣ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ቢጎነብሱበት ገላ አያሳይም። ግራጫው ደግሞ የዘወትር ነው። እስቲ እጅዎን ያስገቡበት! ለብሰውት መልበስዎን ይረሱታል። ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው እትዬ፣ ታጥበው አይላሉም።»

እትዬ አልጣሽ አንዱን በዚህ እጅ፣ አንዱን በዚያ እጅ ያዙ። ለሁለቱም የሚበቃ ብር የላቸውም። የስፖርቱን ቢወስዱ፣ ስፖርት ለጠዋት ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጨምቆ ይዟቸው ምን ሊሠራ ነው? የዘወትሩን ቢወስዱ፣ ሜዳ ላይ ጎንበስ ሲሉ ከወገባቸው ቢንሸራተትስ? የሰፈር ሴት ሁሉ ፊት! አገላበጡ፣ ለጠጡ፣ ወደ ብርሃን አድርገው አዩ።

«እስቲ አንተው ንገረኝ ታይት፤ የትኛውን ልውሰድ?» አሉት ጥቁሩን።

«ጎንበስ ብለው ሳይሞክሩኝ አልናገርም» አለ ታይቱ።

ልክ ነው እኮ! ቆሞ የተመረጠ ልብስ ተቀምጦ ያጋልጣል። እትዬ አልጣሽም ወደ ጉልበታቸው ዞሩ። «ጉልበቴ ሆይ፣ እባክህ ታጠፍ፤ ታይቱ አልናገርም አለኝ፤ ታይቱ ካልተናገረ አልመርጥም።»

ጉልበቱ የራሳቸው ስለሆነ «አንቺ» ነው የሚላቸው። «አልታጠፍም! ደረጃ ወጥቼ ሳልሞቅ አልታጠፍም። ባለፈው ሳልሞቅ ሜዳ ወሰድሽኝ፤ ያገኘኝን አይተሻል» አለ።

ሐያት ይሄን ስታይ ሁለቱንም ታይት ፌስታል ውስጥ ከተተችላቸው። ሰፈር ነዋ፣ መተማመን አለ። «ቤትዎ ወጥተው ለክተው ይምረጡ። ግን ቶሎ ይበሉ እትዬ፤ የዛሬ የመጀመሪያ ገበያዬ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ደረጃው ሥር ደረሱ። «ደረጃ ሆይ፣ አሳልፈኝ፤ ጉልበቴ ካልሞቅሁ አልታጠፍም አለ፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ታይቱ አይናገርም፤ ታይቱ ካልተናገረ አልመርጥም።»

«አላሳልፍም» አለ ደረጃው። «ቀና ብለው ይዩ! ይሄ በግ ተኝቶብኝ እንዴት ላሳልፍ?»

እውነትም እሳቸው ሱቅ ሳሉ የታሰረ አንድ ቀይ በግ፣ አንደኛ ፎቅ ሳይደረስ፣ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ተኝቷል። የማን በግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ጎረቤት ነው፣ በዋዜማ አላጣላም። በኮንዶሚኒየም የበዓል በግ የት ይታሰር ታዲያ? የደረጃው ብረት ላይ ነዋ።

«በግ ሆይ፣ ተነስ። ደረጃው አላሳልፍም አለ፤ ደረጃው ካላሳለፈ ጉልበቱ አይሞቅም፤ ካልሞቀ አይታጠፍም፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ታይቱ አይናገርም፤ ታይቱ ካልተናገረ አልመርጥም።»

«አልነሳም» አለ በጉ እያመነዠከ። «አንገቴን ከብረቱ ጋር አጣብቆኝ፣ ወዴት ልነሳ? ገመዱን ያናግሩት።»

«ገመድ ሆይ፣ ተፈታ። በጉ አልነሳም አለ፤ በጉ ካልተነሳ ደረጃው አያሳልፍም፤ ደረጃው ካላሳለፈ ጉልበቱ አይሞቅም፤ ካልሞቀ አይታጠፍም፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ታይቱ አይናገርም፤ ታይቱ ካልተናገረ አልመርጥም።»

«አልፈታም!» አለ ገመዱ። «እኔን የቋጠሩኝ ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው። የእሳቸውን ቋጠሮ ከእሳቸው በቀር ማንም አይፈታውም። ከፈለጉ ይሞክሩ።» ሞከሩ። ጥፍራቸው ተሰበረ እንጂ ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ማንደፍሮ የግቢው ጥበቃ ናቸው። ሰው ሲያልፍ ብድግ ብለው እጅ የሚነሱ፣ ለሕፃን እንኳ የሚነሱ ሰው ናቸው። የዚያን ጠዋት ግን በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ እንደሰበሰቡ ናቸው። እኔ ሳልፍ እንኳ አልተነሱም! ምን ሆነው ይሆን ብዬ ዳቦዬን ሳልገዛ ተመልሼ አየኋቸው። አሁንም አልተነሱም። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነው የነሳኝ።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ እባክዎ ይነሱና ገመዱን ይፍቱልኝ። ገመዱ አልፈታም አለ፤ ገመዱ ካልተፈታ በጉ አይነሳም፤ በጉ ካልተነሳ ደረጃው አያሳልፍም፤ ደረጃው ካላሳለፈ ጉልበቱ አይሞቅም፤ ካልሞቀ አይታጠፍም፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ታይቱ አይናገርም፤ ታይቱ ካልተናገረ አልመርጥም፤ ካልመረጥኩ ስፖርት የለም፤ ጉልበቴን ሳይታጠፍ ካገኘችው ደግሞ ትርሲት ከነዕቃዬ ትወስደኛለች!» አሉ እትዬ አልጣሽ።

ጋሽ ማንደፍሮ ግራ ቀኝ አዩና ዝቅ ብለው አንሾካሾኩ። «እትዬ፣ ለርስዎ ብቻ ልንገርዎ። ካፖርቱን አይመልከቱ፤ ከሥር ቱታ ነው የለበስኩት። በጉን ለማሰር ጎንበስ ስል ላስቲኩ ጧ አለ። አሁን እኔ ብነሳ ሱሪዬ አብሮኝ አይነሳም።»

«በአንድ እጅዎ አይይዙትም?»

«በአንድ እጅ ሱሪ ይዤ፣ በአንድ እጅ ቋጠሮ ልፈታ? የራሴ ቋጠሮ እኮ ነው፤ ጥርስም ይፈልጋል። ላስቲክ ያምጡልኝ፣ ወዲያው እነሳለሁ።»

ላስቲክ! ይሄ ምን ችግር አለው? እትዬ አልጣሽ እግራቸውን እየጎተቱ ሐያት ጋ ተመለሱ።

«ሐያትዬ፣ ትንሽ ላስቲክ ስጪኝ። ጋሽ ማንደፍሮ አልነሳም አሉ፤ ጋሽ ማንደፍሮ ካልተነሱ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ በጉ አይነሳም፤ በጉ ካልተነሳ ደረጃው አያሳልፍም፤ ደረጃው ካላሳለፈ ጉልበቱ አይሞቅም፤ ካልሞቀ አይታጠፍም፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ታይቱ አይናገርም፤ ታይቱ ካልተናገረ አልመርጥም።»

ሐያት ከት ብላ ልትስቅ ነበር፤ ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ውይ እትዬ! ላስቲክማ ሞልቷል። ግን በላስቲክ ገበያ አልከፍትም! በዋዜማው ቀን? የመጀመሪያ ሽያጬ ላስቲክ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ላስቲክና ቁልፍ ስሸጥ ልውል ነው።»

«እሺ፣ እንዲሁ ስጪኛ።»

«ሳልሸጥ በነፃ ካወጣሁማ ጨርሶ ተዘጋሁ! እናቴም እንዲሁ ናት፣ አክስቴም እንዲሁ ናት። መጀመሪያ ታይቱን ይምረጡ፤ ከዚያ ላስቲኩን እኔው ራሴ እመርቅልዎታለሁ።»

አያችሁልኝ? ሰንሰለቱ ዞሮ ዞሮ የራሱን ጭራ ነከሰ! እትዬ አልጣሽ ካልመረጡ ሐያት ላስቲክ አትሰጥም፤ ላስቲክ ከሌለ ጋሽ ማንደፍሮ አይነሱም፤ ጋሽ ማንደፍሮ ካልተነሱ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ በጉ አይነሳም፤ በጉ ካልተነሳ ደረጃው አያሳልፍም፤ ደረጃው ካላሳለፈ ጉልበቱ አይሞቅም፤ ካልሞቀ አይታጠፍም፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ታይቱ አይናገርም፤ ታይቱ ካልተናገረ እትዬ አልጣሽ አይመርጡም። እፎይ! ውኃ ልጠጣ።

ይሄኔ ስልካቸው ጮኸ። ትርሲት ናት። «እማዬ፣ ሚኒባሱ ተገኘ። ተነስተናል፣ መንገድ ላይ ነን» አለች።

እትዬ አልጣሽ የሐያት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸው እንደ ዱላ ፊት ለፊት ተዘረጋ። በረንዳው ታወሳቸው። ጎመኑ ታወሳቸው። በራሳቸው ቁልፍ የራሳቸውን በር መክፈት ታወሳቸው፤ እንባቸው መጣ። ሐያትም እጇን ወደ ላስቲኩ ካርቶን ሰደደች፣ መልሳ ሰበሰበችው። የእናቷ ነገር አልለቃትም።

እትዬ አልጣሽ ሲጨንቃቸው እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው የሚሄደው። እዚያ መቀነታቸው አለ። ትርሲትን የወለዱ ጊዜ እናታቸው ናቸው ወገባቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሳይታጠቁት ከቤት ወጥተው አያውቁም። መቀነቱ ከሌለ ወገባቸው የሚፈርስ ይመስላቸዋል። ይፈርሳል ወይ? ሞክረውት አያውቁም። ዳሰሱት። ረጅም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የጋሽ ማንደፍሮን ወገብ ደጋግሞ ይዞራል።

ተነሱ። መቀነቱን ፈቱት፤ ሲፈታ ሲፈታ አያልቅም። ወገባቸው ብርድ ብርድ አለው፣ ግን አልፈረሰም። ይዘውት ወደ ግቢው በር ሄዱና ጋሽ ማንደፍሮን «እንኩ!» አሏቸው።

«ኧረ በስመአብ! የሴት መቀነት ልታጠቅ?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«ሱሪዎ ከሚወልቅ የኔ መቀነት ይውለቅ። ካፖርት አለዎት አይደል? ማን ያያል? ይታጠቁ አልኩ!»

ጋሽ ማንደፍሮ ካፖርታቸው ውስጥ ገብተው ታጠቁት። ካፖርቱ ሲንቀሳቀስ እኔ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ አንገቴ ሊቀነጠስ ነበር። ከዚያ ብድግ አሉ! ሱሪያቸውም አብሯቸው ተነሳ!

ጋሽ ማንደፍሮ ሲነሱ ገመዱ ተፈታ። «አንዴ ጫፉን ይያዙልኝ እትዬ» ብለው ለእትዬ አልጣሽ ሰጧቸው፤ እሳቸውም እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። ገመዱ ሲፈታ በጉ ተነሳ። በግ ሲለቀቅ ቁልቁል ይሮጣል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። የለም! የዚያ ጎመን ሽታ ከአራተኛ ፎቅ መጥቶት ሽቅብ ተተኮሰ! እትዬ አልጣሽም ከኋላው፣ በአንድ እጅ ገመድ፣ በአንድ እጅ ፌስታል።

«ኧረ ያዙት! ኧረ የሰው በግ ነው!» ይላሉ።

«ቆይ! አልሞቅሁም! አል...» ይላል ጉልበቱ። አንደኛ ፎቅ አለፈ። «አልታጠ...» ሁለተኛ ፎቅ፤ እኔ በሬን ከፍቼ ዘጋሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቱ ዝም አለ። ምክንያቱም ደረጃው ሲያሳልፍ ጉልበቱ ሞቆ ነበር፤ ሲሞቅም እየታጠፈ ነበር፤ ፍርሃቱ አንደኛ ፎቅ ወድቆ ቀርቷል።

በጉን በራቸው እጀታ ላይ አሰሩት። እያለከለኩ ገቡና መጀመሪያ ግራጫውን ለበሱ። ውይ፣ እንዴት ይለሰልሳል! ጎንበስ አሉ። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ግራጫው ግን መቀነቱ የነበረበት ቦታ ላይ አልቆይ ብሎ ወረደ። ጎተቱት፣ ወረደ። ከዚያ ጥቁሩን ለበሱ። ያ ሰፊው ወገቡ ልክ መቀነቱ የሚዞርበት ቦታ ላይ መጥቶ ቀጥ አለ። ጎንበስ አሉ፣ አልወረደም። እስከ ታች ቁጭ አሉ፣ አልወረደም።

«አሁን ተናገር ታይት! አንተ የስፖርት ነህ። የዘወትሩን ተውኩ ማለት ነው?»

ታይቱ ተናገረ። «እስቲ የዘወትር ሥራዎን ይሥሩልኝ፤ ልየው» አለ።

ምን ማለቱ ነው ብለው ገረማቸው። ቢሆንም ቀሚሳቸውን ከላይ ጣል አድርገው ቀጠሉ። አልጋው ሥር የገባ ጫማ ለማውጣት ተንበረከኩ። ከቁምሳጥን ላይ ድስት ለማውረድ ተንጠራሩ። ውኃ የሞላ ጀሪካን አነሱ። ጎመኑን ለማጠጣት በረንዳው ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ታዲያ ከዚህ ውስጥ ስፖርት ያልሆነው የቱ ነው?» አለ ታይቱ።

እትዬ አልጣሽ ቁጢጥ እንዳሉ ብቻቸውን ሳቁ። ብድግ ብለው ከበረንዳው ላይ ተጣሩ። «ሐያት! ሐያትዬ! ጥቁሩን ወሰድኩ!»

«ቢስሚላህ! ገበያዬ ተከፈተ!» ብላ ሐያት ላስቲኩን ይዛ ወደ በሩ ሮጠች።

እንግዲህ ሚኒባሱ መጣ። ትርሲት ወረደች። ጋሽ ማንደፍሮ ብድግ ብለው በሩን ከፈቱላት፤ አዲስ ላስቲክ ገብቶላቸዋል። ትርሲት ደረጃውን ጀመረች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ተነፈሰች። ሦስተኛ ላይ ብረቱን ተደገፈች። አራተኛ ጫፍ ላይ ስትደርስ አንዲት ሴትዮ ቁጢጥ ብላ፣ መጥረጊያ ይዛ፣ የበግ በጠጥ እየጠረገች አየች። መጀመሪያ እናቷ አልመሰለቻትም።

«እማዬ?»

«መጣሽ? ቆይ እዚያው፣ እንዳትረግጪው» አሉ እትዬ አልጣሽ ቀና ሳይሉ። ጠርገው ሲጨርሱ በእጃቸው ሳይደገፉ ብድግ አሉ።

«እማዬ... ጉልበትሽ!»

«ምን ሆነ ጉልበቴ?» አሉና ራሳቸውም አዩት። ረስተውት ነበር።

ትርሲት ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እየሳቀች አለቀሰች። «እኔ እኮ ማታ ማታ ስትወድቂ ነው የሚታየኝ። ስልክ ሲጠራ ሁሉ ወደቀች ሊሉኝ ነው እላለሁ» አለች። ለካ ዕቃ ሊጭን የመጣው ፍርሃቷ ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ በጉን ሊወስዱ ሲወጡ መቀነቱን አጣጥፈው ይዘውት መጡ። እትዬ አልጣሽ ተቀብለው ፈቱት፤ ግን አልታጠቁትም። ልጃቸውን አስነስተው፣ ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩላት።

«እኔስ ሌላ የሚይዘኝ አግኝቻለሁ። የፈራሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ታጠቂው» አሏት።

ያን ጊዜ ትርሲት ከበረንዳው ወደ ታች ለሹፌሩ ጮኸች። «ወንድሜ፣ የምንጭነው የለም! ሚኒባሱን መልሰው!»

ይኸው ነው። መቀነቱ ሲፈታ ጋሽ ማንደፍሮ ተነሱ፤ ጋሽ ማንደፍሮ ሲነሱ ገመዱ ተፈታ፤ ገመዱ ሲፈታ በጉ ተነሳ፤ በጉ ሲነሳ ደረጃው አሳለፈ፤ ደረጃው ሲያሳልፍ ጉልበቱ ሞቀ፤ ሲሞቅ ታጠፈ፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ ታይቱ ተናገረ፤ ታይቱ ሲናገር እትዬ አልጣሽ መረጡ፤ እትዬ አልጣሽ ሲመርጡ ቤታቸው የራሳቸው ሆኖ ቀረ። ግራጫውስ? እኔ ገዛሁት። ምን ያህል እንደሚለሰልስ ሳላውቅ ማደር አልቻልኩም። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ተዉት፣ ያን ጠዋት ሳልገዛ ቀርቼ ለምጄዋለሁ።